የዘጠነኛ ቢ ጅብ

ሰው የሚጮህ ነገር አይፈራም፤ የሚፈራው ዝም ብሎ የሚያየውን ነው። ውሻ ሲጮህብን ድንጋይ አንስተን እናባርረዋለን፤ በር ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ካየን ግን «ምን ታይቶት ይሆን?» ብለን ወደ ኋላችን ዘወር እንላለን። እኔን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማንም ሰው ፈርቶኝ የማያውቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የፕላስቲክ ዕቃ ሱቄ ከአዳማ መናኸሪያ ብዙም አይርቅም፤ ድምፄ ከታክሲ ረዳቶቹ ጋር ተወዳድሮ ያሸንፋል ይባላል፤ እኔም ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። ሳፋ ልትገዛ የመጣች ሴት ትከራከረኛለች፣ ታሾፍብኛለች፣ ልጇን ታስይዘኝና ገበያውን ዞራ ትመለሳለች። እንዲህ ያለችን ሴት ማን ይፈራታል?

ወንድሜ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው የሚሠራው። ኮንቴይነር ሲያስጭንና ሲያስወርድ ስለሚውል ልጁ ቤዛ እኔ ጋ ሆና ትማራለች፤ ዘጠነኛ ቢ። ትማራለች ስላችሁ እኔና እናንተ የምናውቀው ዓይነት ትምህርት እንዳይመስላችሁ። እኔ ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። በእኛ ጊዜ ደብተር የግል ነበር፤ የጎረቤት ልጅ እንዳያይብሽ በክንድሽ ከልለሽ ነው የምትጽፊው። የኮረጀ ይገረፋል፣ ያስኮረጀም ይገረፋል፤ እኔ በሁለቱም ተገርፌአለሁ። ዛሬ ግን መምህር ቶሎሳ የሚባል፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ የአማርኛ አስተማሪ መጣና ክፍሉን በሙሉ አንድ ገጽ ላይ አስቀመጠው። ገጹ ወረቀት አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ ያለ ነው። አንዱ ከቤቱ፣ አንዱ ከአባቱ ሱቅ፣ አንዱ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጽፍበታል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያያል፣ ያርማል፣ ይጨምርበታል። እኔ የተገረፍኩበት ነገር ዛሬ ማርክ ያሰጣል ማለት ነው። ሰማይ ቤትም ደንቡ እንዲህ ከተቀየረ እኔ ትልቅ ተስፋ አለኝ።

እኔ እዚህ ጉዳይ ውስጥ እንዴት ገባሁ? አንድ ቀን የቤዛ ስልክ ባትሪ ሊያልቅባት ሲል ሊንኩን ወደ እኔ ስልክ ላከችና የቀራትን በእኔው ጨረሰች። ሥራዋን ጨርሳ ሄደች፤ ሊንኩ ግን ቀረ። ሰማያዊ መስመር ነው፤ ሲነኩት ይከፈታል። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ፀሐዩ ገበያተኛውን ከመንገድ ጠርጎ ሲያስገባው፣ ምን ይሆን ብዬ ነካሁት።

ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ? ነጭ ገጽ ነው። ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ከምንም ፊደል ይወጣል። ማንም የለም፣ እጅ የለም፣ እስክሪብቶ የለም፤ «አ» ትመጣለች፣ «ዳ» ትከተላለች፣ «ማ» ትደርሳለች። የሚጽፈው ልጅ ስም በቀለም ተጽፎ አብሮ ይሄዳል፤ ቤዛ አረንጓዴ ናት፣ የክፍሉ አለቃ ናቲ ብርቱካናማ ነው። መምህሩ የሰጣቸው ርዕስ «የአዳማ ነፋስ» ነበር። ናቲ ኮረብታው ላይ ስላሉት የነፋስ መዘውሮች ይጽፋል፣ ቤዛ ስለ አቧራው ትጽፋለች፤ እዚያው ይጣላሉ፣ እዚያው ይታረቃሉ። ተከታታይ ድራማ ምን ያደርግልኛል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሥራዬ ይኸው ሆነ። የማነበው ድሮ እንደተማርኩት ነው፤ ጣቴን ከቃሉ ሥር አድርጌ፣ አንድ ቃል ስጨርስ ወደሚቀጥለው እያሻገርኩ። ደንበኛ ሲመጣ ስልኩን ሳፋ ውስጥ እጥላለሁ፤ ደንበኛው ሲሄድ አነሣለሁ።

ለቤዛ አልነገርኳትም። ብነግራት ታፍርብኛለቻ። በሕይወቴ ምስጢር የያዝኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከጎኔ ጫማ ለምትሸጠው ለዘሐራ በነጋታው ነግሬአታለሁ። ዘሐራ የወሎ ሰው ናት፤ ያልጠየቅኳትን ትመክረኛለች። «ልጆቹ አያዩሽም ወይ?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁባት። ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ይታያል ወይ? አልኳት። እሷም እውነትሽን ነው አለች።

ታዲያ አንድ ቀን ቤዛ ከትምህርት ቤት መጣችና ምሳ አልበላም አለች። ቤዛ ምሳ አልበላም ካለች ወይ ታማለች ወይ ዓለም ሊያልፍ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል። ምን ሆንሽ? ማን ነካሽ? አልኳት። በስንት ልመና «አክስቴ፣ ገጻችን ውስጥ ጅብ ገብቷል» አለችኝ።

መጀመሪያ የመሰለኝ ሥዕል ነው። ሥዕልስ ሥዕል ነበር። ገጹ ላይ ከላይ በኩል የተማሪዎቹ ስም በሚታይበት ጥግ አንዲት ክብ ነገር ብቅ ትላለች፤ በውስጧ የጅብ ጭንቅላት አለ፤ ሲነኩት «ስም የለሽ ጅብ» ይላል። የሚመጣው ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ ከርራ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ ነው። አይጽፍም። አይናገርም። ልጆቹ «ማነህ?» ብለው ይጽፉለታል፤ መልስ የለም። አንዳንዴ በመሃል ድንገት ይጠፋል፤ ጠፋ ብለው ተንፈስ ሲሉ ይመለሳል። ከሁሉ የከፋው ግን አካሄዱ ነው አለች። የሚጽፉበት ቦታ ላይ ቀጥ ብላ የምትብለጨለጭ ጭረት አለች፤ ልጆቹ ከርሰር ይሏታል። ሁሉም ልጅ የራሱ አለው። የጅቡ ጭረት ቡናማ ናት። ከመጀመሪያው መስመር ትነሣና አንድ ቃል ትሄዳለች፤ ትቆማለች። ደግሞ አንድ ቃል ትሄዳለች፤ ትቆማለች። «የሚያኝክ ነው የሚመስለው» አለችኝ ቤዛ።

እኔ የሰው ልጅ ነኝና ፀጉሬ ቆመ። ደግሞ ልብ በሉ፤ ያን ገጽ በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፀሐይ። የሁሉንም ልጆች ስም አያለሁ። ጅብ የሚባል ነገር ግን አንድም ቀን አላየሁም። ለዘሐራ ስነግራት አሰብ አደረገችና «አንቺ ስትገቢ ይሸሻል ማለት ነዋ» አለችኝ። ነገሩ ልክ መሰለኝ። አንገቴ ላይ መስቀል አለ፣ ድምፄም እንደምታውቁት ነው፤ ጅብ ቢሸሸኝ ምን ይገርማል? እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

መምህር ቶሎሳ ደግሞ ልጆቹን ሊያረጋጋ ብሎ ነገሩን አባሰው። ይኼ ማንም አይደለም፣ አትፍሩ፣ ማሽኑ ሳይመዘገብ በሊንክ ለገባ ሰው የእንስሳ ስም ይሰጠዋል፤ ጅቡ ሰው ነው አላቸው። የተማረ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ማረጋጊያ ብሎ ቤንዚን ያርከፈክፋል። ልጆቹ ምን አሉ መሰላችሁ? «እኛስ ምን አልን? ያልነውም እኮ ጅብ የሆነ ሰው ነው!» አሉ።

ጅብ የሆነ ሰው ማለት በእኛ አገር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከዚህ በኋላ የቀረው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው። ናቲ የሂሳብ ጎበዝ ነው፤ በሂሳብ ሠራው። ጅቡ ሲመጣ ገጹ ላይ የሁላችንም ስም ይታያል፤ የማይታየው የለሊሴ ብቻ ነው አለ። እውነት ነው፤ ለሊሴ ስልክ የላትም። እሷ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ትጽፍና ከሰዓት ቤቷ ትገባለች። ከዚያ አንዷ ልጅ አባቷ ምንድን ነው የሚሠራው ብላ ጠየቀች። አባቷ ጋሽ ቱሉ በያጅ ነው፤ በሞጆ መንገድ ካሉት ጋራዦች አጠገብ የጭነት መኪና ስፖንዳ ይበይዳል። ብረት፣ እሳት፣ ፊት ላይ ጭንብል። በቃ። አያቶቻችን ቀጥቃጩን ያሉትን እነዚህ ስልክ የያዙ ልጆች ኤሌክትሪክ ላለው በያጅ አወረሱት። ያወረሱት ደግሞ ከመንደር አርጅቶ ከመጣ ሰው ሰምተው አይደለም፤ ማሽኑ ነው የመሰከረላቸው።

ለሊሴን አውቃታለሁ። ከቤዛ ጋር ሱቄ ትመጣ ነበር፤ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ቃል የምትቆጥብ ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ግን ክፍል ውስጥ ስታልፍ ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን መክደን ጀመሩ። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች። አንድ ከሰዓት ሱቄ በር ላይ ቆማ አየኋት፤ እናቷ ጆግ ግዢ ብላ ልካታለች። ግቢ እንጂ አልኳት። አልገባችም። ውስጥ አንዲት ደንበኛ ሕፃን ልጅ ታቅፋ ነበር፤ ለሊሴ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ልጁ እስኪወጣ ልጠብቅ፣ እትዬ የሺ» አለችኝ። ሕፃኑን እንዳታይ ነው። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም፤ በራሷ ነው። እኔ ወሬኛ ነኝ፣ ሳቂ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሳልቀልድ ጆጉን ደጅ ወጥቼ ሰጠኋት። ትምህርት እንዴት ነው አልኳት። እሷ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ፦ አጎቷ ሻሸመኔ ምግብ ቤት አለው፤ እናቷ እዚያ ሄዳ ሰሃን እያጠበች ትኑር፣ እዚህ ከምትሰቃይ ይሻላል ብላለች። አባቷ ግን ቆይ ብሏል። እስከ መቼ? ትምህርት ቤቱ የወላጅ ስብሰባ ጠርቷል፤ እስከዚያ።

እኔም ያን ጅብ እይዘዋለሁ ብዬ ማልኩ። በማግሥቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ ገጹን ከፈትኩ። ጥግ ጥጉን ፈለግሁ። የለም። እንደ ወትሮው ጣቴን ከቃሉ ሥር አድርጌ ከላይ ጀምሬ ሄድኩ፤ ምናልባት ከመስመሮቹ መሃል ተደብቆ ይሆናል ብዬ። ቤዛ የጻፈችው ላይ ስደርስ «አቧራ» የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩት፤ ዓይኔ ስለደከመ ነው። ቃሉ ሰማያዊ ሆነ። አልቦኝ ስለነበር ስልኩን ላስተካክል ስል አውራ ጣቴ ከታች አንድ ነገር ነካ። ቃሉ ጠፋ።

ዓይኔ እያየ። «ነፋሱ ሲነሣ … ከተማውን ያለብሰዋል» ይላል፤ በመሃሉ ባዶ ነው፤ ጥርስ እንደወለቀ ድድ። በዚያች ቅጽበት ነፋስ ተነሣና ደጅ የሰቀልኳቸው ጆጎች እርስ በርሳቸው ተንኳኩ። የልጆቹ ስም ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ፤ ማንም አይጽፍም። ከዚያ ብርቱካናማው ናቲ ብቻ ከታች እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ በላ።

ስልኩን ወደ ባልዲው ወርውሬ ወደ ዘሐራ ሮጥኩ። ዘሐራ አዑዙ ቢላሂ እያለች ጫማዎቿን ሰበሰበች፤ ጫማው ምን እንዳደረጋት አላውቅም። ሁለታችንም ሱቃችንን ያን ቀን በጊዜ ዘጋን።

ስብሰባው የተደረገው እዚያው ዘጠነኛ ቢ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሰዓት፣ ጅቡ በሚመጣበት ሰዓት። ዘሐራም የማንም ወላጅ ሳትሆን መጣች። መስኮቱን በካርቶን ሸፍነው ክፍሉን አጨልመውታል፤ ገጹን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ለቀውታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ነፋሱ ይጎትተዋል፣ ይለቀዋል፣ ይጎትተዋል። ለሊሴ ፊት ለፊት ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇን ሰው ሁሉ እንዲያየው ዴስኩ ላይ ዘርግታለች። አባቷ ከኋላዋ ቆሟል። እጁ ሁሉ የብየዳ ጠባሳ ነው። ስልክ እንዳለው ሲጠየቅ ከኪሱ ባለ ቁልፍ ስልክ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ የባትሪው ክዳን በላስቲክ የታሠረ ነው። ኢንተርኔት የምትባለው ነገር እዚያ ስልክ ውስጥ ልግባ ብትል እንኳ የምትቀመጥበት የላትም።

መምህር ቶሎሳ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ሊንኩን መዝጋት ለእኔ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዘጋው ግን ጅቡ ይቀራል፣ ስሙ ደግሞ በዚህች ልጅ ላይ ታትሞ ይኖራል፤ ስለዚህ ዛሬ አብረን እንጠብቀው አለ። ጎበዝ ነው ያሰኘው ይኼ ነው። የልጆቹን ስልክ በሙሉ ሰብስቦ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ደረደረው። የእኛን የወላጆቹን ግን አልጠየቀም። እኛን ማን ይጠረጥረናል?

ጠበቅን። ግድግዳው ላይ ነጩ ገጽ ብቻ አለ፤ በመሃሉ ናቲ ሊመልሰው ያልደፈረው የ«አቧራ» ክፍተት። ማንም አያስልም። የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ብቻ እህህ ይላል። ጥጉ ላይ ምንም ብቅ አላለም። ቆይተን ቆይተን አሁንም ምንም። እኔ ጅቡ ባለመምጣቱ ደስ ሊለኝ ሲል ከኋላዬ አንዲት እናት ቀስ ብላ፣ እንዴት ይመጣል፣ ባለቤቱ ተይዛ እያለች አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ወሬው ዴስክ በዴስክ ወደ ፊት ሄደ። የጅቡ አለመምጣት ምስክር ሆነባት ማለት ነው! ቢመጣ ጥፋቷ፣ ባይመጣ ጥፋቷ። የለሊሴ እጆች ዴስኩ ላይ እንደተዘረጉ ጣቶቿ ብቻ እንደ መጨበጥ አሉ። ጋሽ ቱሉ የባለ ቁልፍ ስልኩን አንሥቶ ኪሱ ከተተ። እንሂድ ማለቱ ነው። ሻሸመኔ ማለቱ ነው።

ደሜ ፈላ። ይኼ ፈሪ ጅብ እኔን ነው የሚሸሸው፤ ካለበት አስወጥቼ ሰው ፊት አቆመዋለሁ አልኩና ስልኬን በነጠላዬ ሥር ከፈትኩ። ሰማያዊዋን መስመር ነካሁ።

ክፍሉ ጮኸ።

ቀና ስል ግድግዳው ላይ፣ ጥጉ ላይ፣ ክብ ሆኖ፣ አለ። ጅብ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ዘሐራ ክንዴን ይዛ ጥፍሯን አሰመጠችብኝ። ሴቶቹ ለሊሴን አዩ፤ እጇ ባዶ ነው፣ ዴስኩ ላይ ነው፣ ፊቷ ግድግዳው ላይ ነው፣ እሷም እንደኛው ፈርታለች። እኔ በፍርሃት ጣቴ ስልኩ ላይ አረፈ። ግድግዳው ላይ ቡናማዋ ጭረት ብቅ አለች። ልሸሽ ብዬ ጣቴን ወደ ጎን ነካ አደረግሁ። ጭረቷ ወደ ጎን ሄደች። ጣቴን አነሣሁ። ቆመች። አንድ ቃል ሄድኩ። አንድ ቃል ሄደች።

ጎበዝ፣ ከዚያ በፊት ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ መብረቅ ፈርቻለሁ፣ ገቢዎች ፈርቻለሁ። ራሴን ግን ፈርቼ አላውቅም ነበር። እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ፣ በገዛ ጣቴ የሚሄደውን ጅብ በግድግዳ ላይ ሳየው አጥንቴ ውስጥ የገባው ብርድ እስከ ዛሬ አልወጣም። ዝም ማለት እችል ነበር። ስልኩን ብዘጋ ማንም አያውቅም፤ ጅቡም ለዘላለም ስም የለሽ ይሆናል። ለሊሴም ቢሆን እጇ ታይቷል። ግን አንገቷን ሳየው፣ ዛሬ እጇ ነጻ ቢወጣ ነገ ደግሞ ጥላዋ ነው ይላሉ አልኩ። ተነሥቼ ቆምኩ። ድምፄ አልወጣ አለኝ፤ እኔን፣ የመናኸሪያውን ሁሉ የምበልጠውን። ስልኬን ብቻ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ጣቴን አስኬድኩት፤ ጅቡም ግድግዳው ላይ ሄደ። በመጨረሻ ጅቡ እኔ ነኝ አልኩ።

ሰው ሁሉ ከግድግዳው ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ሳቁን የጀመረችው ዘሐራ ናት፤ አላህ ይይላት። ክፍሉ ፈረሰ። መምህር ቶሎሳ የሳቀ መስሎ ላቡን ጠረገ። ቤዛ ዴስኩ ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት። ናቲ ወደ ለሊሴ ሄዶ አንድ ነገር አላት፤ ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቿን ከዴስኩ ላይ አነሣችና አፏን ሸፈነች። ያልሳቀው ጋሽ ቱሉ ብቻ ነው። እኔን ሳይሆን ግድግዳውን ያይ ነበር፤ የልጁ ጽሑፍ እዚያ በትልቁ ተለቆ ነበርና። ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ያነበው ነበር።

ከዚያ በኋላ መምህሩ አስመዘገበኝ፤ ሊንኩን ግን አልዘጋውም። ባለ ስም ሆንኩ፤ «እትዬ የሺ» ይላል፣ ሐምራዊ ነኝ። ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ፤ ለሊሴም ሻሸመኔ አልሄደችም። እኔ ወደ ገጹ ስገባ ልጆቹ «እትዬ፣ ዛሬ በሰው መልክ ነው የመጡት?» እያሉ ይጽፉብኛል። ሱቄ የሚመጣው ደንበኛም ሳፋ ሲገዛ እንዳትበይኝ ይለኛል። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት።

በቀደም ከሰዓት፣ እንደ ወትሮው ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ስልኬን ከፈትኩ። ስሜ አለ፣ ሐምራዊ። ቤዛ አለች፣ ናቲ አለ፣ ሌሎቹም አሉ። ለሊሴ የለችም፤ ስልክ የላትማ። ጥጉ ላይ ደግሞ፣ በእኔው ስልክ፣ ከስሜ ጎን፣ ጅቡ አለ።

ስልኩን አጠፋሁ፤ መልሼ አበራሁ። አለ። ጭረቷ የቆመችው ለሊሴ ከጻፈችው ላይ ነው። «ነፋስ ሲነሣ አባቴ ብየዳውን ያቆማል፤ ብልጭታው ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ነው፤ ሰው ግን ሥራ የፈታ ይመስለዋል» ይላል። ጭረቷ አንድ ቃል ትሄዳለች፤ ትቆማለች። አንድ ቃል ትሄዳለች፤ ትቆማለች። ጣቱን ከቃሉ ሥር አድርጎ እንደሚያነብ ሰው። የእኔ ሁለት እጅ ባንኮኒው ላይ ነበር።

ልጆቹ አዩት። ናቲ ቶሎ ብሎ፣ እትዬ የሺ፣ ይኼ እርስዎ ኖት? ብሎ ጻፈ። እኔ አይደለሁም ልል ጀመርኩ፤ «እኔ አይ» ብዬ ጽፌአለሁ። ከዚያ ቆምኩ። ገጹ ላይ የሌለችው ማን ናት? አሁንም እሷ ብቻ ናት። ሂሳቡ ያው ነው። የጻፍኩትን አጠፋሁና አዎ እኔ ነኝ፣ በሌላኛው ስልኬ ነው፣ ዓይኔ ደክሞ ነው በሁለት የማየው ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ ሳቁ። ሳቃቸው ገጹ ላይ «ሃሃሃ» ሆኖ በየቀለሙ ይወርዳል። እኔ ሌላ ስልክ የለኝም።

ማነው? እኔ እንጃ። የጋሽ ቱሉን ስልክ ያየሁት በዓይኔ ነው። በጋራዡ በኩል ሳልፍ ጭንብሉን ሳያነሣ አካም ብሎኝ በጭንቅላቱ ሰላም አለኝ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ እሳቱ መለሰ። መምህሩን አልጠየቅኩም፤ ከጠየቅኩ እሱ ይፈልጋል፣ ከፈለገ ልጆቹ ይሰማሉ። ስለዚህ ጅቡ በመጣ ቁጥር እኔ ነኝ እላለሁ። በአዳማ ከተማ ጅብ ነኝ ብላ በየቀኑ የምትምል ሴት ከእኔ በቀር ያለች አይመስለኝም።

ትናንት የለሊሴን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ጭረቷ ወረደች፤ ባዶውን መስመር ሁሉ አልፋ እኔ ካለሁበት መጥታ አጠገቤ ቆመች። የጅቡ ጭረት ስትጽፍ አይቼ አላውቅም። ፊደል ወጣ። «ገ»። ብዙ ቆየች። «ለ»። ነፋሱ ጆጎቹን ያንኳኳል። «ቶ»። «ሚ»። ገለቶሚ። በኦሮምኛ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው የሚባል።

ልጆቹ ሳያዩ ቶሎ አጠፋሁለትና ስልኩን ደፋሁት። ወጥቼ ዘሐራ ጋ ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝና ምን ሆነሻል፣ ጅብ ያየሽ ነው የምትመስይው አለችኝ።

የምን ጅብ፣ ጅቡ እኔ ነኝ አላልኩሽም እንዴ አልኳት። ድምፄ ግን እንደ ወትሮው አልወጣም፤ በሹክሹክታ ነበር ያልኩት።

ዘሐራ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ተወች፣ ከዚያ ጫማዎቿን መሰብሰብ ጀመረች።